አስፋልት ላይ ስትደርሱ ገመዱን ፍቱ

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቪዲዮ ላከልኝ። ፈረንጆቹ የሞተሩን የፊት ጎማ አውልቀው መንሸራተቻ ገጥመውለታል። ከኋላ ደግሞ በጎማው ፋንታ እንደ ዶዘር ሰንሰለት ያለ ሰፊ የላስቲክ ቀበቶ ይሽከረከራል። ጉልበት በሚደርስ በረዶ ላይ ይጋልባሉ። ከሥሩ «ቲቸር፣ ይሄ ለጊንጪ ጭቃ አይሆንም?» ብሎ ጽፏል። ሳቅኩ። ወዲያው ግን ሳቄ ጠፋ፤ ይሄ ልጅ ባለፈው ክረምት ሞተሩን ለጭቃ አስተካክላለሁ ብሎ እግሩን የተሰበረ ልጅ ነው።

ታሪኩን አስፈቅጄው ነው የምጽፈው። ከአስፋልቱ ወደ ገጠር ቀበሌ በቦክሰር ሞተር ሰው እያመላለሰ ነው የሚኖረው። ሐምሌ ላይ የኋላ ጎማውን ከነቸርኬው ሰባት ስምንት ቦታ በናይለን ገመድ ጠምጥሞ አሰረው። ሁላችሁም የምታውቁት ዘዴ ነው፣ ደግሞ ይሠራል! ጭቃውን እየነከሰ ወጣ። አስፋልቱ ጋ ሲደርስ ግን የጫነው ሰው ወደ አምቦ የሚሄድ ሚኒባስ እንዳያመልጠው ቸኮለና ገመዱን ሳይፈታ ነዳ። አስፋልቱ ገመዱን በላው፣ ተበጠሰ፣ ጫፉ ካቴናው ውስጥ ገባ፣ የኋላ ጎማው ቀጥ አለ። ተሳፋሪው እጁ ተላጠ። የልጁ እግር ግን ከጉልበቱ በታች ተሰበረ፣ አምስት ወር ቤት ዋለ።

ይሄን ልጅ ፊዚክስ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ፍሪክሽንን ያስተማርኩት ጠረጴዛ ላይ በሚጎተት የጣውላ ቁራጭ ነው፤ መጽሐፉ እንደዚያ ስለሚል። ከክፍሉ መስኮት ውጭ ሞተረኞች ከጭቃ ጋር ሲታገሉ እያየሁ አንድም ቀን ወጥተን እንይ አላልኩም። ስለዚህ ዘግይቼም ቢሆን ትምህርቱን እዚሁ ልጨርሰው።

በረዶ ላይ ያለው ነገር ቀላል ነው። ቀበቶው ክብደቱን ሰፊ ቦታ ላይ ስለሚበትነው ሞተሩ አይሰምጥም። በረዶው ወደ ግግር ሲለወጥ ደግሞ ጎማ ላይ የብረት ሹል ይተክላሉ። አንዱ ላለመስመጥ ነው፣ ሌላው ለመንከስ። እኛስ? እኛ እኮ «ከድጡ ወደ ማጡ» የምንል ሰዎች ነን፤ ሁለቱ አንድ አለመሆናቸውን አባቶቻችን ያውቁ ነበር። ወደ ባኮ በኩል ያለው ቀይ አፈር ሲዘንብበት ላዩ ይድጣል፣ ሥሩ ግን ብዙ ጊዜ ጠንካራ ነው። ያ ድጥ ነው፤ ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ካለህና ቀስ ብለህ ከነዳህ ያልፋል። የጊንጪው ጥቁር አፈር፣ ገበሬዎቻችን ኮቲቻ የሚሉት፣ ሌላ ነገር ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ልሙጥ ያደርገዋል። ከዚያ በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል ይታጨቅና ጎማው መዞር ያቆማል። ሞተሩ እየጮኸ ቆሞ ይቀራል። ፈረንጆቹ ያን ቀበቶ ይዘው ቢመጡ መቶ ሜትር ሳይሄዱ በኮቲቻ ይታሸጋል ባይ ነኝ፤ ዋጋውን አታንሱብኝ።

እና ምን ይደረግ? አንደኛ ፓራፋንጎው። ልጆቹ የፊቱን ፈትተው ይጥሉታል። ልክ ናቸውም አይደሉምም። ጎማው ይዞራል፣ ጭቃው ግን ዓይን ውስጥ ይገባል። ዲቲ ሞተርን አይታችሁ ከሆነ ፓራፋንጎው ከመሪው ሥር ከፍ ብሎ ነው የታሰረው፤ ለዚሁ ብለው ነው። ጎበዝ በያጅ ለቦክሰርም ይሠራዋል። ሁለተኛ አየር። ጭቃ ከመግባታችሁ በፊት የኋላውን ወደ 20 ፒኤስአይ ገደማ ብታወርዱት ጎማው ይተኛና መሬቱን በሰፊው ይይዛል፤ ግፊት ማለት ኃይል ሲካፈል ለስፋት አይደል? ከዚያ በታች ግን አታውርዱ፣ ጎማው ቸርኬው ላይ ይሸሽና ቫልቩን ይገነጥለዋል። አስፋልት ላይ ስትወጡ መልሳችሁ ንፉ፤ የእጅ ፓምፕ ከመቀመጫ ሥር ይታሰራል። ሦስተኛ ጎማው ራሱ። ጥርሱ የተራራቀ ጎማ ሲዞር ጭቃውን ወርውሮ ራሱን ያጸዳል። ለአስፋልት የተሠራው አያጸዳም። ገመድ የመጨረሻ መውጫ ነው፣ ማጥ ውስጥ ለገባ ሰው። ከአንድ ረጅም ገመድ ደግሞ ለየብቻ የታሰሩ አጫጭር ይሻላሉ፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላውን ፈትቶ አይጎትትም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። የግብርና ባለሙያውና የጤና ሠራተኛው ቀበሌ ድረስ በሞተር ነው የሚሄዱት። ሞተሩን የገዛው መሥሪያ ቤት ለነዳጅ በጀት ይይዛል፣ ለክረምት ጎማ ግን አይይዝም። አንድ ወዳጄ ሰኔ ላይ ጎማ ይቀየርልኝ ብሎ ማመልከቻ አስገብቶ «ገና አላለቀም» ተባለ። አላለቀም፣ እውነት ነው፤ ግን ለጭቃ አልተሠራም! ምጥ የያዛት ሴት አምቡላንስ በማይገባበት ቀበሌ አስፋልት ድረስ የምትወጣው በዚሁ ሞተር ጀርባ ላይ ነው። ስለ ጎማ ሳወራ ስለ እሷም እያወራሁ ነው።

ጊንጪ ላይ እኮ ይሄንኑ ጥቁር አፈር ለዓመታት ያጠና የምርምር ጣቢያ አለ። ሁለት ማረሻ አጋጥሞ ውሃ የሚያንጣፍፍ ሰፊ መደብ የሚያወጣ፣ በበሬ የሚጎተት መሣሪያ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እዚያ አካባቢ ተሞክሯል። ለበሬው ታስቦለታል። ለሞተረኛው ማን አሰበ?

አንዳንዶቻችሁ «ቲቸር፣ ችግሩ መንገዱ ነው፣ ስለ መንገዱ ጻፍ» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እስማማለሁ፣ ጽፌያለሁም። ግን መንገዱ እስኪሠራ ስንት ክረምት ይወርዳል? ዝናቡ ሰኔ ላይ ነው የሚመጣው፣ ዛሬ ግንቦት ተጋምሷል።

ልጁ አሁን ድኗል፣ ትንሽ ያነክሳል። ሰኔ ከመግባቱ በፊት ጥርሳም ጎማ ሊገዛ እየቆጠበ ነው። አምቦ፣ ጉደር፣ ጌዶ ያላችሁ፣ ለቦክሰር የኋላ የሚሆን ጥርሳም ጎማ የት እንዳለና ስንት እንደገባ ኮሜንት ላይ ጻፉለት። ፓራፋንጎ ከፍ አድርጎ የሚበይድ የምታውቁም ጠቁሙን።