ርእሰ አንቀጽ፦ ሆድ የባሰው ከማን ጋር ይቀመጥ?

«ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» ይላል ያገራችን ሰው። አባቶቻችን ይህን ሲተርቱ ጭንቀትና ኀዘን ሰውን በገዛ ራሱ ላይ እስከ ማስነሣት ሊያደርሰው እንደሚችል ያውቁ ነበር ማለት ነው። ምክሩም ትክክል ነው፤ ስለትንና መርዝን ከተጨነቀ ሰው ማራቅ ዛሬም ሐኪሞች የሚያዙት የመጀመሪያ ጥንቃቄ ነው። ዳሩ ግን ተረቱ እዚያው ላይ ያቆማል። ማጭዱን ከነሣነው በኋላ ከዚያ ሰው አጠገብ ማን ይቀመጣል? በዚህ ዕትማችን ለአንባብያን የምናቀርበው ጥያቄ ይህ ነው።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ መልሱ አንድ ነበር። ለብዙ አሥርተ ዓመታት በአገራችን ለአእምሮ ሕሙማን ብቻ የቆመው ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነበር፤ ስሙም ከበሽታው ጋር ከመጣበቁ የተነሣ «አማኑኤል ገባ» ማለት ስድብ እስከ መሆን ደረሰ። በ1995 ዓ.ም. የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር በመላው አገሪቱ የነበሩት 11 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥራቸው አድጓል፤ ቢሆንም ከመቶ ሚሊዮን ለሚበልጥ ሕዝብ ሐኪምን ብቻ መጠበቅ ዝናብ በሌለበት ወራት ዘር እንደ መዝራት ነው። ስለዚህ በጤና ጣቢያ፣ በጤና ኬላና በቤተሰብ ደጅ የሚሠራ አማካሪ ያስፈልጋል እንላለን።

ይህ ሕልም እንዳልሆነ የሚያስረዳ ምሳሌ ከወደ ደቡብ አፍሪካ አህጉር አለን። በዚምባብዌ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ ይከታተላት የነበረች አንዲት ወጣት ወደ እርሱ የምትመጣበት የአውቶቡስ ገንዘብ አጥታ ቀረች፤ ሕይወቷንም በራሷ እጅ አጠፋች። ዶክተሩ ከዚህ በኋላ ሕመምተኛው ወደ ሐኪሙ እስኪመጣ መጠበቁን ትተው ሕክምናው ወደ ሠፈር የሚወርድበትን መንገድ ፈለጉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 በሐራሬ ከተማ ምባሬ በሚባለው ሠፈር 14 አያቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ በአግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። አያቶቹ የበሽታ ስም አይጠሩም፤ ሕዝቡ ራሱ በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» የሚለውን፣ ማለት «ሐሳብ ማብዛት» የሚለውን ቃል ይዘው ያነጋግራሉ። እኛስ «በሐሳብ ታመመ» እንል የለምን? በ2016 የወጣው ጥናት በ24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ በተለመደው ሕክምና ከቆዩት መካከል ግማሽ ያህሉ የድባቴ ምልክት ሲታይባቸው፣ ከአያቶቹ ጋር ከተቀመጡት መካከል ግን 14 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

ወደ አገራችንም ብንመለስ በጉራጌ አገር በሶዶ ወረዳ የተሠራውን መጥቀስ ይገባል። እዚያ የሠፈሩ ተወላጆች ለአምስት ሳምንት ያህል ሠልጥነው፣ ስኪዞፍሬኒያ በሚባለው ጽኑ ሕመም የሚሠቃዩትን በየቤታቸው እየሄዱ ሲጠይቁ ቆይተዋል። ቤተሰብን ያነጋግራሉ፤ መድኃኒት እንዳይቋረጥ ያሳስባሉ፤ ታማሚው ወደ እርሻው፣ ወደ ማኅበሩና ወደ እድሩ እንዲመለስ ይረዳሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 የወጣው ውጤት ጥቅሙን አረጋግጧል።

ይሁን እንጂ «አማካሪ» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል፤ ሥራው ምክር መስጠት ይመስላልና። በአገራችን ምክር አጥቶ የተቸገረ የለም። ልጇ ለሞተባት እናት «አታልቅሺ፣ እግዜር ይቆጣል»፤ ሥራ ላጣ ጎልማሳ «ቻለው፣ ወንድ አይደለህም ወይ» የማይል ጎረቤት የት ይገኛል? ይህ ሁሉ በፍቅር ይነገራል፤ ነገር ግን አፍ ያዘጋል። ሰውየውም «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ጭንቀቱን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። የአማካሪው ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ተቀምጦ ይሰማል፤ የሚያስጨንቀውን ሁሉ በባለቤቱ አንደበት አንድ በአንድ ያስቆጥራል፤ ከዚያም መካከል ዛሬ ሊነካ የሚችለውን ሰውየው ራሱ እንዲመርጥ ይረዳዋል፤ እስከሚመጣው ሳምንት የሚሠራትን አንዲት ትንሽ እርምጃ አብረው ይወስናሉ፤ በሳምንቱም ተመልሶ ይጠይቃል። «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅም ከሥራው አንዱ ነው። ብዙ ሰው ይህን መጠየቅ ያልነበረ ሐሳብ ማስገባት ይመስለዋል፤ ጥናት የሚያስረዳው ግን መጠየቁ ሐሳቡን እንደማይተክል ነው።

በመንደር ሲሆን ደግሞ ሥራው የራሱ ፈተና አለበት። የቀበሌ አማካሪ ትናንት ያለቀሰችለትን ሴት ዛሬ ከለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ያገኛታል፤ የባሏ ወንድምም የእርሱ ጎረቤት ነው። እዚህ ላይ ምስጢር መጠበቅ የወረቀት ደንብ ብቻ አይደለም፤ አንዲት ቃል ያመለጠችው እንደ ሆነ በማግስቱ በሩን የሚያንኳኳ አይኖርም። ቤተሰቡ ታማሚውን ጸበል እያስጠመቀ ወይም ዱዓ እያስደረገ ከሆነም መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ በአክብሮት መነጋገር እንጂ መሟገት አይጠቅምም። ወንድሙን በሰንሰለት ያሰረውን ሰው እንኳ ጨካኝ ብሎ ከመስደብ በፊት ለምን እንዳሰረው፣ ስንት ሌሊት ሳይተኛ እንዳደረ መጠየቅ ይገባል። ሰንሰለቱ የሚፈታው ብዙ ጊዜ ከዚህ ጥያቄ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። «ተራ ሰው ሠልጥኖ ሊሠራው ከቻለ፣ ሥራው ርካሽ ነው ማለት ነው» የሚል አሳብ ሲነገር እንሰማለን። ይህ አደገኛ አሳብ ነው። በሐራሬም ሆነ በሶዶ ሠራተኞቹ ብቻቸውን አልተተዉም፤ ከበላያቸው የሚያርማቸው፣ ከባድ ነገር ሲገጥማቸው የሚቀበላቸው የሠለጠነ ሰው ነበረ። የሰው መከራ ሲሰማ የሚውል ሰው መከራውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል፤ እርሱንም የሚሰማው ያስፈልገዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እናቶችን ሊያስክትቡ፣ ወባን ሊከላከሉ፣ መጸዳጃ ሊያስቆፍሩ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ሲደክሙ፣ ይህንንም ያለ ጊዜና ያለ ተቆጣጣሪ በእነርሱ ትከሻ ላይ መጣል ለሥራው ንቀት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። የጤና ባለሥልጣኖች በየጤና ጣቢያው ለአማካሪ ደመወዝ ያለው የሥራ መደብ፣ በሩ የሚዘጋ አንድ ክፍልና በየሳምንቱ የሚያርመው ተቆጣጣሪ ይመድቡ። መምህሮቻችን የሥነ ልቡናና የማኅበራዊ ሥራ ተማሪዎችን ለልምምድ ወደ ትልልቅ ሆስፒታሎች ብቻ ሳይሆን ወደ ወረዳ ጤና ጣቢያዎችም ይላኩ፤ ከመጽሐፍ የተማርነውን «ድባቴ» አንዲት የገበሬ ሚስት «ልቤን ከበደኝ» ብላ ስትነግረን ማወቅ ካልቻልን ዲግሪያችን ምን ይፈይዳል? ሦስተኛው የራሳችን የተማሪዎች ፈንታ ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ስም ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች አንድ ዓመት እየወጡ በየአውራጃው አስተምረዋል። እኛ ግን ገና ሳንመረቅ አዲስ አበባ የሚገኝ መሥሪያ ቤት ስንመርጥ እንገኛለን።

ከተማ መኖር ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለን ሕዝቡን ስንመክር፣ ሕመሙን የሚገልጥለት ሰው በአጠገቡ ከሌለ ተረታችን ወቀሳ ብቻ ይሆናል። ሕዝባችን ማጭዱን መንሣት ከድሮ ያውቅበታል። ወንበሩን ይዞ ከባሰው ሰው አጠገብ መቀመጡ የእኛ የተማርነው ድርሻ ነውና፣ እንነሣ።