የቡናችንን መኪና ጎማ ማን ነው የመረጠው?

ዛሬ እሁድ ነው፣ የዋጋ ዝርዝር የለም። ስለ ኒውዮርክም ስለ ጀንፈልም አላወራም፤ የማወራው ስለ ጎማ ነው። "ደላላ ስለ ጎማ ምን አገባው?" የምትሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡና ከዚያ ስደቡኝ።

ነገሩ የመጣው ከአክስቴ ልጅ ጋር በስልክ ስናወራ ነው። ሜሪላንድ ነው የሚኖረው፤ የ1972 ዳትሰን 240ዜድ አለችው። ለማታውቋት፣ ጃፓኖች ከ1969 ጀምረው ያወጧት፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የስፖርት መኪና ነች። ዛሬ እንደ ቅርስ ነው የምትያዘው። እሱም የሚያወጣት በእረፍት ቀን ብቻ ነው፣ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ጭራሽ አያወጣትም።

ይቺ መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ የቸርኬዋ ስፋት 4 ኢንች ተኩል፣ ጎማዋም ባለ 175 ቀጭን ነበር። ዘመዴ ሰፋ ያለ ጎማና ሌላ ቸርኬ ሊያስገጥምላት ፈለገ። ለመምረጥ ብቻ ሦስት ወር ፈጀበት። ሳቅሁበት። "ጎሚስታ ጋ ወስደህ አታስገጥምም እንዴ?" አልኩት። እሱ ግን አልሳቀም፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማረኝ።

ባጭሩ የገባኝን ልንገራችሁ። ጎማ ሲሰፋ ቁመቱም እንዳይለወጥ ማስላት አለብህ። የድሮው ጎማ ዳር እስከ ዳር ሲለካ ወደ 63 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። እሱ የመረጠው 205/60 አር 15 ደግሞ ወደ 62.7 ነው። ሰፋ እንጂ ቁመቱ ያው ነው ማለት ይቻላል። 225/60 ቢያደርገው ግን ከ65 ሴንቲ ያልፋል፤ ያኔ የፍጥነት መቁጠሪያው ይዋሻል፣ ጎማው ፓራፋንጎ ይነካል። ባለ 205 ጎማ በ4 ኢንች ተኩል ቸርኬ ላይ አይቀመጥም፣ ስለዚህ ቸርኬውም አብሮ መቀየር አለበት። እዚህ ላይ ነው ትልቁ ጣጣ። ሰፊ ቸርኬ ወደ ውስጥ ይገባል ወይ ወደ ውጭ ይወጣል። ወደ ውስጥ ሲበዛ የኋላው ጎማ የሱስታውን መቀመጫ ይፍቃል፣ ወደ ውጭ ሲበዛ ደግሞ ጉድጓድ በገባች ቁጥር የፓራፋንጎው ከንፈር ጎማውን ይልጠዋል። የኩሽኔቱ ሸክምም ይለወጣል። መሪዋ ደግሞ ኃይል አጋዥ የለውም፣ የፊት ጎማ በሰፋ ቁጥር ቆማ ስትዞር ክንድ ትገነጥላለች። ሰውዬው ሱስታውን አውጥቶ፣ ባዶውን ቸርኬ በክሪክ እስከ ላይ ገፍቶ፣ መሪውን ከዳር እስከ ዳር እያዞረ ነው የለካው። በሚሊ ሜትር!

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አንድ ነገር አሰላሁ። 240ዜድ ባዶዋን አንድ ቶን ከትንሽ ነገር ነው የምትመዝነው። በእኛ ቋንቋ ባለ 60 ኪሎ 17 ጆንያ ቡና። ለ17 ጆንያ ክብደት፣ ያውም ለመዝናኛ፣ ሰው ሦስት ወር ይለካል። እኛ የመቶ ገበሬ የዓመት ልፋት ጭነን በምንልክበት አይሱዙ ላይ ምን ዓይነት ጎማ እንደተገጠመ ስንቶቻችን ጎንበስ ብለን አይተናል? እኔ አላየሁም ነበር። ያላየሁበትን ዋጋ ደግሞ ከፍያለሁ።

ባለፈው መጋቢት መጨረሻ አንድ የታጠበ የሊሙ ቡና አገናኘሁ። ገዢም ሻጭም ተስማምተዋል፣ ናሙናው አልፏል፣ እርጥበቱ 11 በመቶ። መኪናውን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ኪራዩንም የተከራከርኩት እኔ ነኝ፣ እስኪመረቸው ድረስ። ባለንብረቱ በመጨረሻ "እሺ፣ ግን ጭማሪ ጆንያ እጭናለሁ፣ ጎማዬ ትልቅ ነው ይችላል" አለኝ። እኔም ደስ አለኝ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ።

መኪናው ከጅማ ወደ ወልቂጤ ሲመጣ የጊቤ ቁልቁለት ላይ የኋላ የውስጥ ጎማው ፈነዳ። ጎን ለጎን ያለውንም ይዞት ሄደ። ተመስገን ነው፣ ሹፌሩ አዋቂ ሰው ስለሆኑ ዳር ይዘው አቆሙት፣ ሰው አልተጎዳም። ስኮርት ጎማ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ሌላ ቁጥር። አንድ ቀን ተኩል ቆመ። ሌሊት ዝናብ ጣለ፣ ሸራው አንድ ቦታ ቀዳዳ ነበረው፣ 14 ጆንያ ረጠበ። ያንን ለይቶ ማድረቅ፣ እንደገና ናሙና፣ እንደገና ወረፋ። ገዢው ደግሞ በዚያው ሳምንት ዋጋ ወርዶ ስለነበር ሰበብ አገኘ፣ ቅናሽ ጠየቀ። ሰጠን። የሻጩን ፊት አሁንም አልረሳውም።

ምን ሆኖ ፈነዳ? የዘመዴን ትምህርት ይዤ ጎሚስታው ጋ ሄጄ አየሁት። መኪናው ከፋብሪካው 7.50 አር 16 የሚጠቀም ነው። ባለንብረቱ በዚያው በድሮው ቸርኬ ላይ 8.25 አር 16 አስገጥሟል። ጎማው በስፋት ወደ ሁለት ሴንቲ ይጨምራል። የኋላዎቹ ደግሞ ጥንድ ናቸው፣ በመሃላቸው ያለው ክፍተት በቸርኬው የተወሰነ ነው፣ ጎማ ስለሰፋ ክፍተቱ አይሰፋም። ባዶ ሲሆን ጣት ታስገባለህ። ሲጫን ግን ጎማ ከታች በኩል ይተኛል፣ ይሰፋል፣ ጎንና ጎኑ ይተሻሻል። ቀኑን ሙሉ እየተፋተገ ሲሄድ ይግላል። ንፋሱ ትንሽ ከጎደለማ አለቀ። የፈነዳውን ሳየው ጎኑ በክብ ተፍቆ ክሩ ወጥቷል። ይሄ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ ቁጥር እንምጣ፣ ቁጥር የምትወዱ ስለሆናችሁ። ጎማ ጎኑ ላይ የመሸከም ቁጥር ተጽፎበታል። 7.50 ላይ 122/118 የሚል ካገኛችሁ፣ ነጠላ ሲሆን 1,500 ኪሎ፣ በጥንድ ሲሆን እያንዳንዱ 1,320 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። አራቱ የኋላ ጎማዎች ተደምረው 5,280 ኪሎ። እሱም የመኪናውን የራሱን ክብደት ጨምሮ ነው፣ የቡናውን ብቻ አይደለም! 8.25 ላይ 128/124 የሚል ካለ በጥንድ 1,600 ኪሎ ነው፣ አራቱ 6,400። ልዩነቱ 1,120 ኪሎ፣ ወደ 18 ጆንያ ተኩል። ባለንብረቱ "ይችላል" ሲል ይቺን 18 ጆንያ ነው የሚያየው። ጎማው ብቻውን ቢቆጠር እውነቱን ነው።

ግን ባሌስትራው ያው የድሮው ነው። አክሱሉ፣ ኩሽኔቱ፣ ፍሬኑ ያው ነው። የ8.25 ቁመት 86 ሴንቲ ገደማ ነው፣ የ7.50 ከ80 ትንሽ ከፍ ይላል፣ ወደ 7 በመቶ ልዩነት አለው። ትልቅ ጎማ ፍሬኑን በዚያው ልክ ያደክመዋል፣ ዳገት ላይም ሞተሩን ያስጨንቀዋል። መቁጠሪያው 80 ሲል መኪናው በ85 እየሄደ ነው። ተጨማሪ ጭነት፣ የደከመ ፍሬን፣ የሚዋሽ መቁጠሪያ፣ ከዚያ የጊቤ ቁልቁለት። ዘመዴ በ17 ጆንያ መኪና ያስጨነቀው ነገር ይሄው ነው፤ አንድ ነገር ስትቀይር ሌላው ሁሉ አብሮ ይቀየራል፣ ብታየውም ባታየውም።

ለሹፌሮችና ለባለንብረቶች ፍትሐዊ ልሁን። ትልቅ ጎማ የሚያስገጥሙት ለፋሽን አይደለም። የገጠር መንገዳችንን እናውቀዋለን፣ ከፍ ያለ መኪና ከድንጋይና ከጭቃ ይተርፋል። በትክክለኛ ሰፊ ቸርኬ፣ ክፍተቱ ተለክቶ፣ ጭነቱ ሳይጨመር ከተገጠመ እኔ የምቃወምበት ምክንያት የለኝም። ችግሩ ግማሹን ቀይረው ግማሹን መተዋቸው ነው። ሁለተኛው ችግር ደግሞ እኛ ነን። ኪራይ ከኩንታል ላይ አሥር አሥር ብር እየሸረፍን፣ ሰውዬው ነዳጁን በምን ይሸፍነው? በጭማሪ ጆንያ ነዋ። ጭማሪ ጆንያ ትልቅ ጎማ ይጠይቃል። እኔ ያን ቀን የቆረጥኩት ኪራይ 14 የረጠበ ጆንያ ሆኖ ነው የተመለሰልኝ፣ የባሰው ደግሞ ሻጩ ላይ ወደቀ።

ስለዚህ ለዩኒየኖችና ለላኪዎች አንድ ሐሳብ አለኝ። የጭነት ወረቀት ላይ ታርጋና የሹፌር ስም እንጽፋለን። ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሩ፣ የጎማው ቁጥርና የመሸከም ቁጥሩ። በሁለቱ ጥንድ ጎማዎች መሃል መኪናው ከተጫነ በኋላ እጅ ይገባል አይገባም፣ መጋዘን ጠባቂም ሊያየው ይችላል። ከጥንዱ አንዱ አዲስ አንዱ ያለቀ ከሆነ ረጅሙ ብቻውን ነው የሚሸከመው፣ እሱም ይጻፍ። ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች እዩ፤ 2316 ካለ በ2016 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ጎማ ነው፣ ጥርሱ ቢያምርም አርጅቷል። ይሄ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ለናሙና ግማሽ ቀን እንቆም የለ?

"መኪና በጠፋበት ወቅት ይሄን ብንጠይቅ ማን ይጭንልናል?" የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ልክ ነው፣ በጥር ስትጠይቁ አንዳንዱ ጥሎ ይሄዳል። እኔም አንዱ ጥሎኝ ሄዷል። ግን የምትጠይቁት ኪራዩን ቆርጣችሁ ከሆነ ነው የሚሄደው። ደህና ከፍላችሁ ጠይቁ።

የጊቤው ሹፌር ሐሙስ ዕለት ደውለው ነበር። አሁን በሌላ መኪና ነው የሚሠሩት፣ ያም 8.25 ነበረው። "ልጄ፣ ባለንብረቱን ለምኜ ወደ 7.50 አስመለስኩት፣ ጭነትም በልኩ ነው የምጭነው" አሉኝ። "ጎበዝ ጋሼ፣ ተባረኩ" አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና "ኪራዩስ?" አሉኝ።

ጨመርኩላቸው። ነገ ጠዋት ከሊሙ ይነሳሉ። የሊሙና የጅማ ዋጋ እንደተለመደው ነገ ከሰዓት ይለጠፋል።