ስለ አሮጌ ቮልስዋገን የሞተር ዘይት



በዚህ ወር ስለ ልጆች የዕረፍት ጊዜ ልንጽፍ አስበን ነበር። ነገር ግን በአቃቂ ቃሊቲ በሰፈራችን፣ በራሳችን ስሕተት የደረሰ አንድ ነገር ስላለ እርሱን ማስቀደም ግድ ሆነብን።

ባልቴቲቱ ጎረቤታችን ከሟች ባለቤታቸው የቀረቻቸው ንብረት እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራች ቮልስዋገን ናት። እርሳቸው እንጀራ ይጋግራሉ፤ ቀድሞ ተማሪያችን የነበረው ልጃቸውም በዚያች መኪና እየጫነ እስከ ሳሪስ ላሉ ሱቆች ያደርሳል። የቤቱ መተዳደሪያ ይኸው ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ፣ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ያለውን አጥብቆ መያዝ አለበት።

ባለፈው ሐምሌ የዘይት መቀየሪያው ጊዜ ደረሰ። ልጁ በዕቃው ላይ «5 ደብልዩ 30» የሚል አንብቦ፣ «የኔታ፣ ይህች ደብልዩ ምንድን ናት?» ሲል ጠየቀን። እኛም ሳናመነታ፣ «ዊንተር ማለት ነው፤ ዊንተርም ክረምት ነው» ብለን መለስን። ወራቱ ክረምት ስለ ነበረ፣ ሻጩም ከዘይቶች ሁሉ አዲሱና ውዱ ይህ ነው ስላለ፣ ግዛ አልነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አዳማ ደርሶ ሲመለስ ቱሉ ዲምቱ ላይ ቆመ፤ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የዘይቱ መብራት ብልጭ ድርግም ይል ጀመር፤ ከወደ ባልቦላዎቹም የማንኳኳት ድምፅ ተሰማ።

የፈረንጆች ዊንተር ውሃ ረግቶ በረዶ የሚሆንበት ወራት ነው እንጂ፣ ዝናም የሚዘንብበት የእኛ ክረምት አይደለም። ይህን ለሃያ ዓመት ስናስተምር ልብ አላልነውም! ከደብልዩ በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርቱ ቅዝቃዜ ጊዜ እንዴት እንደሚፈስስ ይናገራል፤ ባነሰ መጠን ዘይቱ በበረዶ አገር ማለዳ ቶሎ ይፈስሳል። ለአቃቂ ሰው ይህ እምብዛም አያስፈልገውም። ለእኛ የሚበልጠው ኋለኛው ቁጥር ነው፤ እርሱም ዘይቱ ግሎ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ የሚኖረውን ውፍረት ያመለክታል።

ይህም በቮልስዋገን ላይ ይልቁንም ይከብዳል። መኪናይቱ ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯን የሚያቀዘቅዙት ነፋስና ዘይት ናቸው። የዘይቱ መጠን ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ሲሆን፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ አገር አየሩ ስለሚሳሳ የነፋሱ ድርሻ ይቀንሳል። እርግጥ ነው፣ ፋብሪካው በጊዜው ለሞቃት ወራት 30 ቁጥር ያዝዝ ነበር። ነገር ግን ያ የታሰበው ክፍተቱ ገና ላልሰፋ ሞተር ነው። ብዙ ዘመን በሠራ ሞተር ውስጥ ቀጭን ዘይት ሲግል በሰፋው ክፍተት ሁሉ ይሸሻል፤ ግፊቱም ይወድቃል።

ሌላም ነገር አለ። ካምሻፍት የሚባለው ዘንግ በዚህ ሞተር ባልቦላዎቹን የሚገፋው በብርቱ እየተሻሸ ነው። ብረት ከብረት እንዳይፋጅ የሚጠብቀው በዘይቱ ውስጥ ያለው የዚንክና የፎስፎረስ ውሕድ ነው። ፎስፎረስ የዘመኑን መኪናዎች የጭስ ማጣሪያ ስለሚጎዳ ግን፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ በቀጫጭኖቹ የቤንዚን ሞተር ዘይቶች መጠኑ ከ0.08 በመቶ እንዳያልፍ ተወሰነ። እንደ 20 ደብልዩ 50 ያሉትን ወፍራሞቹን ይህ ወሰን አይገዛቸውም። እንግዲህ የዘይቱ አዲስነት ለአዲስ መኪና ጥቅም ሲሆን፣ ለባልቴቲቱ መኪና ጉድለት ሆነባት።

መካኒኩ ዘይቱን አፍስሶ 20 ደብልዩ 50 ሞላበት፤ ወንፊቱንም አጠበ። ቮልስዋገን የምታጣራው በዚህ ወንፊት ብቻ ስለ ሆነ፣ ደቃቁ ቆሻሻ ከዘይቱ ጋር ይኖራል። ፋብሪካው በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየር ይል ነበር፤ በቃሊቲ አቧራ ግን በ2,500 ቢቀየር እንመርጣለን። ዘይቱንም በጀሪካን ከሚቀዱ ዘንድ ሳይሆን ማሸጊያው ሳይከፈት መግዛት ነው፤ የተቃጠለው ተጣርቶ እንደ አዲስ እንዳይሸጥባችሁ። የወጣው የተቃጠለ ዘይትም ለአጥር እንጨት ከምስጥ መከላከያ ይሆናል፤ ወደ አቃቂ ወንዝ የሚደፉትን አይተን አዝነናል።

መብራቱ ከዚያ ቀን ወዲህ አልበራም። የማንኳኳቱ ድምፅ ግን አልጠፋም፤ መካኒኩም ሞተሩ ካልተፈታ የካምሻፍቱ ጉዳት ምን ያህል እንደ ሆነ አይታወቅም ብሎናል። ባልቴቲቱ አልተቆጡንም፤ «የኔታ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ» አሉን እንጂ፤ ይህም ከቁጣ ይልቅ ከበደን። ለዘመን መለወጫ የታዘዘ እንጀራ ስላለባቸው፣ ልጁ እስከዚያ ቀስ እያለ እንዲነዳ ተስማምተናል። ሞተሩ በመስከረም ይፈታል፤ ወጪውንም እኛ ከደመወዛችን እንከፍላለን።