ኳሱን የተጫወተው ሰው ማይኩን ለምን አያገኝም?

ልደታ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ የማይበት ዲኤስቲቪ ቤት አለ። እዚያ ከኋላ ወንበር ላይ የማይጠፋ፣ ድሮ በአገራችን ሊግ ተከላካይ ሆኖ የተጫወተ ሰው አለ። ስሙን አልጠራም፤ እሱም አይወድም። ልጆቹ «ጋሼ» ነው የሚሉት። በቀደም አንድ የእንግሊዝ ጨዋታ እያየን፣ «ይሄ ተመላላሽ ደክሞታል፤ ከኋላው ይገቡበታል» አለ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጎሉ በዚያው በኩል ገባ። ቤቱ በሙሉ ስክሪኑን ትቶ ዞሮ አየው። በእረፍት ሰዓት የቲቪው ተንታኝ ስለ ዝውውር ዋጋ ነበር የሚያወራው።

ሰውዬው ኑሮውን የሚገፋው ከኳስ ጋር በማይገናኝ ሥራ ነው። እኔን የከነከነኝም ይሄ ነው። ኳስ ተጫዋቾቻችን ጫማ ሲሰቅሉ ያወቁት ነገር የት ነው የሚገባው?

ጋሪ ሊንከርን የቲቪ ሰው አድርጋችሁ ብቻ የምታውቁት ብዙ ናችሁ። አባቱ ሌስተር ገበያ ውስጥ አትክልትና ፍራፍሬ ይሸጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986ቱ የዓለም ዋንጫ በ6 ጎል ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ፤ በተጫዋችነት ዘመኑ አንድም ካርድ አልተመዘዘበትም። ጃፓን ተጫውቶ በ1994 አቆመና ወደ ቢቢሲ ገባ። መጀመሪያ አካባቢ ካሜራ ፊት ድርቅ ይል ነበር። ግን ታግሰውት ተማረ፤ ከ1999 እስከ 2025 «ማች ኦፍ ዘ ዴይ»ን መራ። በ2023 በትዊተር በጻፈው ነገር ከሥራ ሲያግዱት እነ ኢያን ራይትና አላን ሺረር «እሱ ከሌለ እኛም የለንም» ብለው ቀሩ፤ ፕሮግራሙም ያለ አቅራቢና ያለ ተንታኝ 20 ደቂቃ ብቻ ተላለፈ።

ለእኔ ዋናው ነገር ግን እሱ ከሄደ በኋላ የሆነው ነው። ወንበሩን የተረከቡት ሦስት ሰዎች፣ ጋቢ ሎጋን፣ ኬሊ ኬትስና ማርክ ቻፕማን፣ አንዳቸውም የቀድሞ ኳስ ተጫዋች አይደሉም። ከጎናቸው የሚቀመጡት ተንታኞች ግን አሁንም የተጫወቱት ናቸው። ጠያቂው ጋዜጠኛ፣ መላሹ ሜዳውን የረገጠ ሰው ማለት ነው።

እኛ ጋ ሁለቱም ወንበር ላይ በብዛት የምናየው ጋዜጠኛ ነው። ጋዜጠኞቻችንን ለመንቀፍ አይደለም። አባቶቻችን ስለ 1980ው የሴካፋ ዋንጫ ሲያወሩ የደምሴ ዳምጤን ድምፅ ሳያነሱ አያልፉም። ግን የቀድሞ ተጫዋች ስቱዲዮ ሲመጣ እንግዳ ሆኖ ነው፤ «ስለ ጊዜዎ እናመሰግናለን» ተብሎ ይሸኛል። ሥራ ሆኖለት አይቆይም።

ምን እንደሚያሳጣን በአንድ ጨዋታ ላሳያችሁ። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ኔልስፕሩት። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ የአፍሪካ ዋንጫ ላይ ናቸው፤ ተጋጣሚያቸው የወቅቱ ሻምፒዮን ዛምቢያ። ሳላዲን ሰኢድ ፍጹም ቅጣት ምት መትቶ ምዌኔ ያዘበት። ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ። እረፍት ሊወጡ ሲሉ ጎል ተቆጠረብን። አስር ሰው ሆነን አዳነ ግርማ አገባና 1 ለ 1 ወጣን። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ዩቲዩብ ላይም አለ። በእረፍት ሰዓት መልበሻ ክፍል ውስጥ ምን ተባለ? አንድ ሰው ሲጎድል ማን የማንን ቦታ ሸፈነ? ፍጹም ቅጣት ምት የሳተ አጥቂ ቀሪውን ደቂቃ እንዴት ነው የሚሮጠው? ይህን ሊነግሩን የሚችሉት እዚያ የነበሩት ናቸው። ጥቅምት 2006 አዲስ አበባ ላይ በበሃይሉ አሰፋ ጎል ናይጄሪያን መርተን 2 ለ 1 የተሸነፍንበትም እንደዚያው።

«ኳስ ተጫዋች ማውራት አይችልም» የሚል ካለ ይድነቃቸው ተሰማን ያስታውስ። የጊዮርጊስና የብሔራዊ ቡድን ተጫዋች ነበሩ፤ በ1954 ዓ.ም. ዋንጫውን ያነሳውን ቡድን አሰለጠኑ፤ ከዚያ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 ካፍን መሩ። በንግግራቸው የፊፋን ስብሰባ የሚያንቀጠቅጡ ሰው ነበሩ። ችሎታው ይለመዳል፤ የሚያለማምድ ከተገኘ።

ሰበብም የለም። በ2013 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጋችን በሱፐርስፖርት በቀጥታ መታየት ጀምሮ ነበር፤ የአማርኛ ተንታኝ ያስፈልጋል ማለት ነው። የገንዘቡ ጉዳይም አለ። በ2011 ዓ.ም. የተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር ይሁን ተብሎ ሲወሰን ብዙ ሰው «ምን አነሰው?» ብሎ ነበር። ያ ደመወዝ ግን ቢበዛ ለአሥር ምናምን ዓመት ነው፤ ያውም ጉልበት ካልተጎዳ። ሰላሳ አምስት ዓመት ሲሞላው ሌላው ሰው ሥራውን ገና እየለመደ ነው፤ የእሱ አልቋል። ሁሉም ደግሞ አሰልጣኝ መሆን አይችልም። ጋሪ ኔቪል በስካይ ቴሌቪዥን ጨዋታ ሲተነትን የሚደርስበት አልነበረም፤ ቫሌንሲያን አሰልጥን ሲባል አራት ወር አልሞላም፣ ተባረረ። ተመልሶ ማይኩን ያዘ፤ እንደገና ጎበዝ ሆነ።

ቲክቶክ አለ አይደል ትሉኝ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ባለፈው ሳምንት ልጆቹ ጋሼን አስቀምጠው በስልክ ቀረጹት። ሰውዬው ወዲያው ሌላ ሰው ሆነ። ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እንደሚታወቀው እግር ኳስ የአስራ አንድ ሰው ጨዋታ ነው» ብሎ ጀመረ። ሁላችንም ሳቅን፤ እሱም ሳቀ፤ ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ጠርሙሶቹን ወደ ራሱ ሰበሰበና፣ «ይሄ አጥቂው ነው፣ ይሄ እኔ ነኝ፤ ወንድሜ፣ እስቲ አንተ የት ትቆማለህ?» አለኝ። በጠርሙስና በብርጭቆ የዚያን ቀን ያብራራልንን ማንም አልቀረጸውም።