የልጆቹ ቃላት ይመለሱ
ይድረስ ለአማርኛ የቃላት ጨዋታ አዘጋጆች

ይህ ደብዳቤ የሚጻፈው ከልደታ ኮንዶሚኒየም፣ በስልክ የሚሠራ የቃላት ጨዋታ ላዘጋጁ ወጣቶች ነው። ጨዋታው በቅርቡ ሲታደስ አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ «እንዳስታወቀው» የሚለውን ቃል ፊደል እየለቀመች እንድትገጣጥም ታዘዘች። ጨዋታውን ለብሎኩ ወላጆች እየዞረች ያስጫነችው የገዛ እናቷ ነበረች።

ምስጋናው ይቅደም፤ ጨዋታው ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ማስታወቂያም አያቋርጠውም። «ፀሐይ»ን ተቀብሎ «ጸሐይ»ን መጣሉም ለጊዜው ይታለፍ።

የማይታለፈው የቃላቱ አመጣጥ ነው። የመጀመሪያው እትም ቃላት በእጅ የተለቀሙ እንደነበሩ አዘጋጆቹ ያውቁታል። ሰፌድ፣ ጥጃ፣ እንቁራሪት ነበሩበት። አሁን በቦታቸው የገቡት ከዜና ጽሑፍ ተሰብስበው በድግግሞሻቸው ብዛት የተደረደሩ ናቸው። ዜና የሚደጋግመው የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ነው፤ በግቢው የሚሯሯጡት ልጆች አፍ ላይ ያሉት ግን ብይ፣ ሱዚ፣ ሮቶና ባቡር ናቸው።

በዚያ ላይ ኮምፒውተሩ በክፍት ቦታ የተለያየውን ሁሉ አዲስ ቃል ብሎ ይቆጥራል። የአማርኛ ግስ ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና አሉታውን አዝሎ ስለሚመጣ «አስታወቀ»፣ «አስታወቁ»፣ «ያስታወቀው» እና «እንዳስታወቀው» አራት ቃላት ይሆናሉ። ዝርዝሩ ረዘመ፤ ልጅቷ ግን የተማረችው አዲስ ቃል የለም።

መሣሪያ ጠፍቶ አይደለም። ሆርንሞርፎ የተባለው የማይክል ጋሰር ነጻ ፕሮግራም የአማርኛን ግስ ፈትቶ ሥሩን ያወጣል። ለልጅ የሚሆነውን መምረጥ ግን የሰው ሥራ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው ዎርድል የተባለ የቃላት ጨዋታ እንኳ፣ ከ12,000 ገደማ ባለ አምስት ፊደል የእንግሊዝኛ ቃላት ወደ 2,500 የወረደው የፈጣሪው የጆሽ ዋርድል የትዳር አጋር ፓላክ ሻህ የምታውቃቸውን ከማታውቃቸው ስለለየች ነው።

ችግሩ የእነዚህ ወጣቶች ብቻም አይደለም። በ2006 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዋልታ 1,065 ዜናዎች የእያንዳንዱ ቃላቸው የቃል ክፍል ተለይቶ ለተመራማሪዎች ትልቅ ሀብት ሆነዋል። ነገር ግን ለምርምር የተዘጋጀ የዜና ጽሑፍ ለሕፃን መማሪያ እንዲሆን ማንም አላሰበውም። በአማርኛ ቴክኖሎጂ ዙሪያ የሚሠሩ ብዙዎች ብዛትን እንጂ ተጠቃሚውን አያስቡም።

ከቀጣዩ እትም በፊት የድሮው ዝርዝር ይመለስ። አዲስ የሚጨመረውን ደግሞ የአንደኛ ደረጃ መምህራን ይዩት፤ የልደታ ወላጆችም የልጆቻቸውን ቃላት ለቅመው ለመስጠት ፈቃደኞች ናቸው።