ከእንጀራው ጋር የሚነሳው

ከባሕር ዳር ዓባይን ተሻግሮ የጎንደርን መንገድ የያዘ ሰው ብዙ ሳይሄድ ዘንዘልማን ያገኛል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ግቢ እዚያ ነው፤ ዙሪያው የጤፍ፣ የዳጉሳና የበቆሎ ማሳ ነው። እዚህ ሰው የሚውለው በእንጀራ ነው። ስለዚህ «የሚጥል በሽታ ያለበት እንጀራ ይተው፣ ቅቤና እንቁላል ይብላ» የሚለውን ምክር በሰማሁ ቁጥር ሐሳቤ ሞሰቡ ላይ ይሄዳል። እንጀራው ሲነሳ አብሮት የሚነሳውን ማን ይተካዋል?

ምክሩ መሠረት አለው። ጾም የሚጥል በሽታን እንደሚያስታግስ ሐኪሞች ከጥንት ጀምሮ አስተውለዋል። እ.ኤ.አ. በ1921 በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ራስል ዋይልደር የጾሙን ውጤት ስብ በበዛበትና ስታርች ባነሰበት፣ ኬቶ በሚባለው ምግብ ማምጣት ይቻላል አለ። በ2003 ደግሞ የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች ላላ ያለውን፣ የተሻሻለ አትኪንስ የሚባለውን ዓይነት አስተዋወቁ። ለአዋቂ ሰው መነሻው በቀን 20 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው። ከታማሚዎች ሲሦ ያህሉ መድኃኒት ብቻውን አይበቃቸውም፤ ከእነሱ መካከል ይህ አመጋገብ በእርግጥ የሚረዳቸው አሉ።

ሃያ ግራም ግን ምን ያህል ነው? 300 ግራም የሚመዝን አንድ እንጀራ ከ80 እስከ 100 ግራም ካርቦሃይድሬት ይይዛል። የቀኑ ድርሻ በሩብ እንጀራ አለቀ ማለት ነው፤ ሽሮውም፣ ምስሩም፣ ድንቹም ገና አልተነኩም።

አሁን የሚነሳውን እንቁጠር። ጤፍ ብረትና ካልሲየም አለው። በዚህ አካባቢ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ የሚጋገረው ዳጉሳ ደግሞ በ100 ግራም ውስጥ 340 ሚሊግራም አካባቢ ካልሲየም ይይዛል፤ ከእህል ወገን ይህን ያህል ያለው ጥቂት ነው። ሽሮና ምስር ሲቀሩ ፎሌትና ማግኒዚየም ይቀራሉ። ቅቤው ጉልበት ይሰጣል እንጂ እነዚህን አይመልስም። በሌላው ዓለም ይህን አመጋገብ የሚያዙ ሐኪሞች መልቲ ቫይታሚን፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ አብረው የሚያዙት ለዚህ ነው። ከምክሩ ጋር ወደ እኛ ሳይደርስ የቀረውም ይኸው ግማሹ ነው።

ከዚህ የባሰው ጉድለቱ ከአመጋገቡ በፊት የጀመረ መሆኑ ነው። በአገራችን ርካሹና ብዙ ጊዜ የሚገኘው መድኃኒት ፌኖባርቢታል ነው። ሕይወት ያድናል። ነገር ግን ጉበት ቫይታሚን ዲን ቶሎ እንዲሰባብር ያደርጋል፣ ፎሌትንም ይቀንሳል። ቫይታሚን ዲ ሲጎድል አጥንት ይሳሳል። እንግዲህ አስቡት፤ ክብሪት ጭረው ጭሱን ሲያሸቱት ያየነው ያ ሰው፣ ምድጃ ዳር፣ ጉድጓድ አፋፍ፣ ድንጋይ ላይ የሚወድቀው ያ ሰው፣ ከሁላችን ይልቅ ጠንካራ አጥንት የሚያስፈልገው እሱ ነው። መድኃኒቱን ያቁም ማለቴ ፈጽሞ አይደለም፤ ፌኖባርቢታልን በድንገት ማቋረጥ የማይቆም መንፈራገጥ አምጥቶ ሊገድል ይችላል። የምለው፣ ክኒኑ የሚወስደውን የሚመልስ ነገር አብሮ ይሰጠው ነው።

ሌላም አለ፤ ሴሌኒየምን ለእህሉ የሚሰጠው አፈሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት የሴሌኒየም እጥረት በኢትዮጵያ ሰፊ መሆኑንና ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ አሳይቷል። በኬቶ አመጋገብ ላይ የቆዩ ሕፃናት በሴሌኒየም እጥረት ልባቸው የታመመበት አጋጣሚ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። እዚህ ላይ ዘንዘልማ ዕድለኛ ናት፤ ጣና ቅርቧ ነው። ቆሮሶውም፣ አምባዛውም፣ ነጭ ዓሣውም ካርቦሃይድሬት የላቸውም፣ ሴሌኒየምና ቢ12 ግን አላቸው። እዚህ ይህን አመጋገብ የሚሞክር አዋቂ ካለ ምግቡ ከቅቤ ሳይሆን ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከጎመን ቢጀምር እመርጣለሁ። ለማግኒዚየሙ ተልባና ሰሊጥ አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ተመዝነው።

ጾሙስ? ምእመኑ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። ያኔ እንቁላሉና አይቡ ይወጣሉ፤ ዓሣውንም የሚተው ብዙ ነው። እንጀራና ሽሮም ከተከለከሉ የሚቀረው ጎመን፣ ዘይት፣ አቮካዶና ሰሊጥ ነው፤ ቢ12 በአንዳቸውም የለም። ይህ ከካህኑም ከሐኪሙም ጋር አስቀድሞ የሚመከርበት ጉዳይ ነው፤ በሁዳዴ መሀል የሚፈታ አይደለም።

የእኔ አቋም ቅደም ተከተሉ ይስተካከል ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቡታጅራ በተደረገው ጥናት ከሺህ ሰው አምስት ያህሉ የሚጥል በሽታ ነበረባቸው፤ ተገቢውን መድኃኒት ያገኙት ከመቶ ሁለት አይሞሉም ነበር። መድኃኒት ላልሞከረ ሰው እንጀራ ከመከልከል በፊት ክኒኑ ይድረሰው። ክኒኑን ለሚወስድ ቫይታሚኑ ይጨመርለት። ሁለት መድኃኒት በአግባቡ ወስዶ ላልተሻለው ብቻ አመጋገቡ በሐኪምና በሥነ ምግብ ባለሙያ ክትትል ይታሰብ።

የመካከለኛው ደረጃ ከሁሉ ይቀላል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በመውለድ ዕድሜ ያለች የሚጥል በሽታ ታማሚ በቀን 5 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ትውሰድ ይላል። ፎሌት ከመፀነስ በፊት ካልተሟላ የጽንሱ ሕብለ ሰረሰር ሳይዘጋ ሊቀር ይችላል፤ ያ የሚሆነው ደግሞ እናት ማርገዟን ሳታውቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። የወሩን ፌኖባርቢታል ልትወስድ ከዘንዘልማ ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄድ ሴት ፎሊክ አሲዱንም በዚያው ከረጢት ይዛ ልትመለስ ይገባታል፤ እንጀራዋን የሚነካ ሰው ከመምጣቱ በፊት።