«ልጄን መርምሩልኝ» ላሉኝ አባትና ለእናንተም



ዛሬ የምጽፈው ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ልጆች ትኩሳት አይደለም። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስለምትጠይቁኝ፣ በአደባባይ ግን ማንም ስለማያነሳው ጉዳይ ነው። እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ከዚያ ፍረዱኝ።

ከተወሰነ ጊዜ በፊት አንድ አባት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ የ17 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ።) ልጁን ውጭ አስቀምጠው ብቻቸውን ገቡ። ልጁ ከአንድ ወንድ ጓደኛው ጋር የተጻጻፈውን ስልኩ ላይ አይተዋል። በቀበቶ ገርፈውታል። እንጦጦ ወስደው ሁለት ሳምንት ጸበል አስጠምቀውታል። «ዶክተር፣ ይመርምሩትና እውነቱን ይንገሩኝ። መርፌም ካለ ይውጉልኝ» አሉኝ። ተቆጥተው የመጡ መስሎኝ ነበር፤ እጃቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ለእሳቸው የነገርኳቸውን ለእናንተም ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሕጉን እንይ። በአገራችን የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ አይታወቅም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ስለ ጋብቻ ሲናገር ወንዶችና ሴቶች ይላል፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም (አዋጅ ቁጥር 213/1992) የተጻፈው ለወንድና ለሴት ነው። ከዚህ አልፎ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 መሠረት ድርጊቱ ራሱ በእስራት ያስቀጣል። በአፍሪካ እንዲህ ዓይነቱን ጋብቻ በሕግ የፈቀደችው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ስትሆን፣ ይህም በ2006 እ.ኤ.አ. ነበር።

እኛ ዘንድ ግን ጋብቻው ይፈቀድ ብሎ ረቂቅ ያቀረበ ሳይኖር ክርክሩ በየጊዜው ይነሳል። በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተቃውሞ ሰልፍ ታቅዶ ቀርቷል። በ2011 ዓ.ም. አንድ የውጭ አስጎብኚ ድርጅት እንግዶቹን ላሊበላ ሊያመጣ ነው ተብሎ ቁጣ ተነሳ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ ቢሮ በሆቴሎችና በመጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ እየወሰደ መሆኑን አስታውቆ ነዋሪው ጥቆማ እንዲሰጥ ጠየቀ። በዚያው ሰሞን በቲክቶክ የሰዎች ፎቶና አድራሻ ሲለጠፍ፣ «ደብድቡት» ሲባል አይተናል። የተለጠፈው ሁሉ የአንድ እናት ልጅ ነው።

ስለ ጋብቻ ያላችሁን እምነት እንድትቀይሩ አልጠይቃችሁም። እምነታችሁ የእናንተ ነው። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ የሰው መብት የሚጀምረው ከጋብቻ አይደለም። ያለመደብደብ፣ ታክሞ የመዳን፣ ምስጢሩ የመጠበቅ፣ ልጅ ከሆነ ደግሞ በወላጁ ቤት የማደር መብት ከዚያ በፊት ይመጣል። በጋብቻው ጉዳይ የማንስማማ ሰዎች እንኳ በዚህ መስማማት እንችላለን።

አሁን ወደ ሕክምናው።

«መርምሩልኝ» ለሚለው፦ አንድ ሰው ማንን እንደሚወድ የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም፤ ራጅም የለም። ለማጣራት ተብሎ በግዳጅ የሚደረግ የፊንጢጣ ምርመራ ምንም አያረጋግጥም፤ የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በ2017 እ.ኤ.አ. ሐኪሞች እንዲህ ያለ ምርመራ ማድረግ እንዲያቆሙ ጠይቋል። እኔም አላደርገውም።

«አክሙልኝ» ለሚለው፦ የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ከበሽታዎች ዝርዝር ካወጣው ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። የሚለውጥ ክኒን፣ መርፌ ወይም ዱላ የለም። «እንለውጣለን» ተብሎ የሚደረገው ማስፈራራትና ማሰቃየት የሚያተርፈው ጭንቀት፣ ድብርትና ራስን የመጉዳት ሐሳብ ነው።

«ቶሎ ልዳረው» ለሚሉም፦ ትዳር መድኃኒት አይደለም። የሌላ ሰው ሴት ልጅም መድኃኒት አይደለችም። ተገዶ ያገባ ሰው ሕይወቱን ደብቆ ሲኖር፣ ምንም የማታውቀው ሚስቱ ለብቸኝነት፣ አንዳንዴም ለአባላዘር በሽታ ትጋለጣለች። ለጋብቻ ክብር አለን የምንል ሰዎች ጋብቻን መደበቂያ ባናደርገው ጥሩ ነው።

አንድ ነገር በደንብ እንለይ። ብዙ ወላጆች «ይህ ጉዳይ» ሲሉ የሚፈሩት ልጃቸው እንዳይደፈር ነው። ፍርሃቱ ትክክል ነው፤ ሁለቱ ግን የተለያዩ ናቸው። ልጅን የሚደፍር ሰው፣ የተደፈረው ወንድም ሆነ ሴት፣ ወንጀለኛ ነው፤ ሕጉም ከ13 ዓመት በታች ባለ ልጅ ላይ በተመሳሳይ ጾታ ሰው ለሚፈጸም ጥቃት እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ይደነግጋል። የተደፈረ ወንድ ልጅ አልተበላሸም፤ ተጎድቷል። አትደብቁት። ሳይታጠብና ልብሱ ሳይጣል ቶሎ ወደ ሕክምና አምጡት። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ የምክር አገልግሎቱንና የሕግ ድጋፉን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለው። ከራሱ እኩያ ጋር የተጻጻፈን ወጣት ልጅ እንደ ደፋሪ ማየት ግን እውነተኛውን ደፋሪ ከዓይናችን ይሰውረዋል። ብዙ ጊዜ ደፋሪው ዘመድ ወይም ጎረቤት፣ ቤተሰቡ የሚያምነው ሰው ነው።

እኛ የየካና የእንጦጦ ሰፈር ሰዎች ሰውን በኀፍረት ማሳደድ ምን እንደሚያስከትል እናውቃለን። ኤች አይ ቪ «የኃጢአት ዋጋ» ይባል የነበረበትን ጊዜ አስታውሱ። ከቤቱ የተባረረ፣ አከራይ ያስወጣው፣ ዕቃው የተለየበት ሰው እንጦጦ ማርያም ጸበል አካባቢ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ሞቱን ይጠብቅ ነበር። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ከጀመረ በኋላ እንኳ «ጸበል ወይስ ክኒን» በሚል ጭንቀት ክኒናቸውን ያቋረጡ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒት መውሰድ ኃጢአት እንዳልሆነ፣ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን በግልጽ ተናገሩ። ብዙ ሸክም ያቀለለ ቃል ነበር። ቤተ ክርስቲያን ትምህርቷን አልቀየረችም፤ በሽተኛውን ግን አላባረረችም። ከእናንተም የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

የሚደበቅ ሰው አይመረመርም። ጨብጥ ወይም ቂጥኝ ሲይዘው እውነቱን ለሐኪም አይናገርም፤ ከመንደር ገዝቶ የማይሆን መድኃኒት ይውጣል። እስርና ዱላ ፈርቶ ከሐኪም የሚሸሽ ሰው በሽታው ከእሱ አልፎ ሌላውም ጋ ይደርሳል። ስለዚህ እንደ ሐኪም ይህን የሰው ማደን ዘመቻ እቃወማለሁ። የምርመራ ክፍል ፖሊስ ጣቢያ አይደለም። የሙያ ምስጢር ማውጣት በወንጀል ሕጋችን ያስቀጣል፤ ባያስቀጣም አላወጣም። ወጣቶች፣ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ይህን እወቁልኝ።

ወላጆች፣ ነገሩ በእናንተ ቤት ከተፈጠረ፦

1. በሰማችሁበት ቀን ምንም አትወስኑ። ውጡና በእግራችሁ ተመላለሱ፤ ውኃ ጠጡ፤ እደሩበት።

2. አትምቱ፤ ከቤትም አታስወጡ። ጎዳና ላይ ያደረ ልጅ እናንተ በጣም የምትፈሩት ነገር ነው የሚያገኘው።

3. ለዘመድ፣ ለዕድርተኛ፣ ለጎረቤት አታሰራጩ። የወጣ ወሬ አይመለስም፤ ልጁን ለአደጋ ያጋልጠዋል።

4. እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከተወ፣ «ባልኖር ይሻላል» ካለ፣ የሚወደውን ዕቃ ማደል ከጀመረ ብቻውን አትተዉት። በዚያው ቀን ወደ ሕክምና አምጡት። አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ ለሰፈራችን ቅርብ የሆነው የካ ኮተቤ ሆስፒታልም የአዕምሮ ጤና አገልግሎት ይሰጣል።

5. ጸልዩ፤ ጸበልም ውሰዱት፣ እሱ ፈቅዶ ከሆነ። በሰንሰለት ወይም በዱላ ግን አይሁን።

ወደ እኚያ አባት ልመለስ። ይህን ሁሉ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ልጁን አስገባሁት። ሸሚዙን ሲያወልቅ ጀርባው ላይ የቀበቶው ምልክት ሰንበር ሠርቶ ነበር፤ አንዱ መግል ይዟል። ቁስሉን እያጠብኩ ሳለ አባትየው አዩትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ልጁን ብቻውን ሳናግረው፣ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደነበር ነገረኝ። አባቱ ይህን አያውቁም ነበር። በእሱ ፈቃድ ነገርኳቸው። ወንበሩ ላይ ተቀመጡና «አንድ ልጄ ነው» ብቻ አሉ።

አባት ሐሳባቸውን አልቀየሩም። እስከ ዛሬ ኃጢአት ነው ይላሉ፤ ሲመጡም እንከራከራለን። ልጁ ግን ቤቱ ነው የሚያድረው፤ ክትትሉን አላቋረጠም፤ የ12ኛ ክፍል ፈተናውንም ወስዷል።

ስለ ጋብቻ ሕግ ክርክሩ ይቀጥላል፤ ይቀጥል። ማታ በር ስትዘጉ ግን ልጃችሁ ከውስጥ መሆኑን አረጋግጡ።

ጤና ይብዛላችሁ። ጥያቄ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ምስጢራችሁ የተጠበቀ ነው።